የሸራ ጀልባችሁን መስኮት በምን ትቀይሩታላችሁ?

ዝናብ ባደረ ማግስት ወደ ጀልባዋ ስትገቡ ፍራሹ ርሷል። ከመስኮቱ ሥር ያለው እንጨት ጠቁሯል። ቀና ብላችሁ ስታዩት መስኮቱ ራሱ የሸረሪት ድር በመሰለ ስንጥቅ ተሞልቶ ነጣ ነጣ ብሏል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው አንድ ነው። ሲሊኮን ይገዛና ዙሪያውን ይለቀልቀዋል። ለትንሽ ጊዜ ይይዛል። ከዚያ ውኃው ሌላ መንገድ ያገኛል።

እኔም አድርጌዋለሁ። በኋላ መስኮቱን ስነቅል ያንን ሲሊኮን ፍቄ ለመጨረስ ሁለት ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ሲሊኮን ባረፈበት ቦታ ላይ ሌላ ማጣበቂያ እሺ ብሎ አይዝማ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ለመቀየር ስትወስኑ ቀድሞ የሚመጣባችሁ ጥያቄ «ከሁሉ ጠንካራው የቱ ነው?» የሚል ይሆናል። በእኔ እምነት ጥያቄው ከመነሻው ይስታል። የጀልባ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ተመትቶ ተሰብሮ አይደለም። ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሸራው ነፋስ ሞልቶ ጀልባዋ ስትወጠር ደግሞ የካቢኑ ግድግዳ ይጠማዘዛል። ይህ ሁሉ በየቀኑ እየተደጋገመ ማሸጊያውን ቀስ በቀስ ይፈለቅቀዋል። ስለዚህ የምትመርጡት አብረው የሚኖሩ ሦስት ነገሮችን ነው፤ መስኮቱን፣ የሚይዘውን ነገርና ማሸጊያውን። እርስ በርስ ካልተስማሙ ውድ መሆናቸው አያድናችሁም።

1. አሮጌው እንዴት እንደተያዘ እዩ

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሱ። የጀልባ መስኮት የሚያዝባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። በአሉሚኒየም ፍሬም ውስጥ በጎማ ተይዞ የሚቀመጥ አለ። ያለ ፍሬም ከውጭ በግድግዳው ላይ ተደርቦ በብሎን የሚታሰር አለ። ምንም ብሎን ሳይኖረው በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈም አለ፤ አዳዲስ ጀልባዎች ላይ በብዛት የምታዩት ይህን ነው። ፖርትላይት የምንለው ደግሞ ትንሹ የጎን መስኮት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ማጠፊያና መቆለፊያ ያለው፣ ተከፍቶ አየር የሚያስገባ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ከላይ ያለውን ሃች፣ ማለትም ጣሪያው ላይ የሚከፈተውን መዝጊያ፣ ሰው ይረግጠዋል። የካቢኑን ጎን ማዕበል ይመታዋል። ከውኃው መስመር አጠገብ ያለ ፖርትላይት ደግሞ ጀልባዋ ስታዘነብል ውኃ ውስጥ ይገባል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ኪሎ ገደማ ይጫናል። 30 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት 0.18 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 180 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሳሎናችሁ መስኮት ላይ ተቀምጠው አስቡት። ያውም ውኃው ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንጂ ማዕበል ሲመታ አይደለም።

2. መስኮቱ ራሱ፦ አክሪሊክ፣ ፖሊካርቦኔት ወይስ መስታወት?

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚጠራው። ፕሌክሲግላስ፣ ፐርስፔክስና ሉሳይት የሚባሉት ሁሉም አክሪሊክ ናቸው። ሌክሳንና ማክሮሎን ደግሞ ፖሊካርቦኔት ናቸው። «ፕሌክሲ ስጠኝ» ብላችሁ ሌክሳን ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ፤ ባለሱቁም እናንተም ሳታውቁት። ከጠረጠራችሁ ቁራጭ ለምኑና ሞርሳ ውስጥ አስራችሁ እጠፉት። አክሪሊክ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቀጭ ይላል። ፖሊካርቦኔት እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ይህን ስታደርጉ መነጽር አድርጉ፤ የአክሪሊክ ስብርባሪ ወደ ዓይን ይፈናጠራል።

አክሪሊክ። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ አብሮን ያለ ዕቃ ነው፤ ፕሌክሲግላስ የሚለው ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላኖችን መስኮት ሠርቷል። ለአብዛኛው የጀልባ መስኮት የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ፀሐይን ይችላል፤ በደንብ የተገጠመ 15 እና 20 ዓመት ያገለግላል። ሲጫር በብርጭቆ ወረቀትና በመወልወያ ቅባት መልሶ ይጠራል። ሲቆረጥም ሲበሳም ለእጅ ይመቻል።

ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ አትሸወዱ። አንደኛው በሁለት መስታወት መካከል ፈስሶ የሚረጋው ነው፤ ካስት ይባላል። ሁለተኛው በማሽን ተገፍቶ የሚወጣው፣ ኤክስትሩድድ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ይረክሳል። ነገር ግን በውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው ስትበሱት ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ለኬሚካልም ይበልጥ ስስ ነው። ለጀልባ ካስቱን ውሰዱ። ካስቱም የራሱ አመል አለው፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። 6 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠላችሁ አንዱ ጫፍ 5.6፣ ሌላው 6.3 ሊሆን ይችላል። በብሎን ለሚታሰር መስኮት ይህ ግድ የለውም። በጎማ ፍሬም ውስጥ ለሚገባ ግን ጣጣ ነው። እኔ አንዴ የፍሬሙን ቁራጭ ይዤ ሄጄ ሱቅ ውስጥ አክሪሊኩን በአራቱም ጠርዝ ለካሁት። ባለሱቁ ሳቀብኝ። ሦስተኛው ጠርዝ ላይ ስደርስ አልገባም አለ፤ ያኔ ሳቁን አቆመ።

የአክሪሊክ ጠላቱ ኬሚካል ነው። አሴቶን፣ ቲነርና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አያስጠጉት። ያ የሸረሪት ድር የመሰለው ስንጥቅ የሚመጣው ውጥረት ያለበት ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲነካው ነው። ጠርዙ እንዲያበራ ብለው በእሳት የሚያልፉበት ሰዎች አሉ። ያምራል፤ ግን ጠርዙ ላይ ውጥረት ይተዋል። በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃዋል።

ፖሊካርቦኔት። እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለት ተመራማሪዎች፣ አንዱ ጀርመን ሌላው አሜሪካ ሆነው ለየብቻቸው ደረሱበት። በመዶሻ ብትመቱት መዶሻው ነው የሚነጥረው። አምራቾቹ ከመስታወት 250 እጥፍ ምት ይችላል ይላሉ። ታዲያ ለምን ሁሉም መስኮት ከሱ አይሠራም?

አንደኛ፣ ለስላሳ ነው። አሸዋ ያለበት ጨርቅ አንዴ ካለፈበት ጭረቱ እንዳለ ይቀራል፤ እንደ አክሪሊክ ወልውሎ መመለስም ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ከፀሐይ ካልተከለለ ቢጫ ይሆናል። በልባስ የሚሸጥ አለ፤ አንዳንዱ የተለበሰው በአንድ ገጹ ብቻ ስለሆነ በመሸፈኛው ላስቲክ ላይ «ይህ ገጽ ወደ ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውን ሳታዩ አትላጡ። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው፣ ይተጣጠፋል። በአንድ ዓይነት ውፍረት ከአክሪሊክ ይልቅ ወደ 40 በመቶ ገደማ የበለጠ ይጎብጣል። ማዕበል ሲመታው አይሰበርም፤ ነገር ግን ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠርዙ ከፍሬሙ ሊሾልክ ይችላል። ሳይሰበር መውጣቱ ቀዳዳው ክፍት መሆኑን አይለውጠውም። ስለዚህ ፖሊካርቦኔት ከመረጣችሁ ወፈር ያለውን ውሰዱ፤ ጠርዙም በሰፊው ተደርቦ በብሎን ይታሰር። ሰው ለሚረግጠው ሃች፣ ወይም ማዕበል ሲበረታ ከመስኮቱ ላይ ለሚደረብ መከለያ ግን ግሩም ነው።

መስታወት። አይጫርም፣ አያረጅም፣ የፈለጋችሁትን ማጽጃ ይችላል። ክብደቱ ከፕላስቲኮቹ እጥፍ ይበልጣል። ለትንሽ ፖርትላይት ይህ ምንም አይደለም፤ ለረጅም የካቢን መስኮት ግን ከላይ የተጨመረ ክብደት ነው። ተራ መስታወት ለጀልባ አይታሰብም። ወይ በሙቀት የጠነከረው ነው፣ ወይ እንደ መኪና የፊት መስታወት በመካከሉ ፕላስቲክ ያለው። የጠነከረው አንዴ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም አይበሳም፤ ልኩን ስታዙ ከተሳሳታችሁ ሌላ መግዛት ነው። ባለ ንብርብሩ ደግሞ ጠርዙ እርጥበት ውስጥ ሲሰነብት መለያየት ይጀምራል። ጎበጥ ላለ ግድግዳ መስታወትን እርሱት።

ጎበጥ ያለ ግድግዳ ካነሳን፣ አክሪሊክን ቀዝቃዛውን እንዳለ ጎንበስ አድርጎ መግጠም ይቻላል፤ ግን ልክ አለው። አንዳንድ አምራቾች የጉብጠቱ ራዲየስ ከውፍረቱ 330 እጥፍ እንዳያንስ ይላሉ። 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ራዲየሱ 2 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ የጠበበ ከሆነ በሙቀት ቅርጽ ይያዝለት፤ አለዚያ በግድ የታጠፈው ፕላስቲክ ዕድሜ ልኩን ማሸጊያውን ለመገንጠል ይታገላል።

ስለ ቀለም አንድ ቃል። ግራጫ ወይም ጠቆር ያለው ያምራል፣ ከውስጥ የተለቀለቀውን ማሸጊያም ይደብቃል። ግን የበለጠ ይሞቃል፤ የበለጠ ሞቀ ማለት የበለጠ ተለጠጠ ማለት ነው። በሌሊት ከካቢን ሆናችሁ በዚያ መስኮት ወደ ውጭ የምታዩ ከሆነም ቀለም የሌለውን ብትመርጡ ይሻላል።

3. ውፍረት

እዚህ ላይ መገመት የለም። አሮጌውን በካሊፐር ለኩ፤ ከዚያ ግን ልክ ነበር ብላችሁ አትመኑ፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን ገጥሞ ሊሆን ይችላል። መመዘኛው አይኤስኦ 12216 የሚባለው የትንንሽ ጀልባ መስኮቶች ደረጃ ነው። ውፍረቱን የሚያሰላው ከመስኮቱ ስፋት፣ ከቦታው፣ ከዕቃው ዓይነትና ጀልባዋ ወዴት እንደምትሄድ ተነሥቶ ነው። ሐይቅ ላይ የምትውል ጀልባና ውቅያኖስ የምታቋርጥ አንድ አይደሉም።

አንድ ነገር አስታውሱ፤ ግትርነት የሚያድገው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ከ6 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ስትሄዱ የመስኮቱ ግትርነት ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ወደ 10 ስትሄዱ ከአራት እጥፍ በላይ። ስለዚህ በሁለት ውፍረት መካከል ከዋለላችሁ ወፍራሙን ውሰዱ። ፍሬሙ ካልፈቀደ ግን ፍሬሙን ፈልፍላችሁ አታስገቡ፤ ያኔ ችግሩ የመስኮቱ መሆኑ ቀርቶ የፍሬሙ ነው።

4. ማሸጊያው

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። መደርደሪያው ላይ አሥር ዓይነት ቱቦ ተደርድሮ ሁሉም «ለጀልባ» ይላል። የምትመርጡት በዕቃው ዓይነትና በአያያዙ ነው።

ፖሊሰልፋይድ ለመስታወትና ለነሐስ ፍሬም ጥሩ ነው። ለአክሪሊክና ለፖሊካርቦኔት ግን መርዝ ነው፤ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። እንደ ስሪኤም 5200 ያለው ተራ ፖሊዩሬቴንም ለፕላስቲክ መስኮት አይሆንም። አንዴ ከያዘ የማይለቅ ነው፤ ቀጥሎ መስኮቱን የሚነቅለው ሰው ይረግማችኋል። ያ ሰው ደግሞ እናንተው ልትሆኑ ትችላላችሁ።

መስኮቱ በብሎን ወይም በፍሬም ተጨምቆ የሚያዝ ከሆነ ቡቲል ቴፕ ትልቅ ወዳጅ ነው። እንደ ማስቲካ ነው፤ አይደርቅም፣ ፕላስቲኩ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል። ብሎኑን አንዴ አታጥብቁት። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ ከነገ ወዲያ ትንሽ እያላችሁ ቡቲሉ ቀስ ብሎ በዙሪያው እንዲወጣ አድርጉ። ግን ቡቲል ማሸጊያ እንጂ ማጣበቂያ አይደለም። ብሎን የሌለውን መስኮት በሱ ለመያዝ አትሞክሩ።

በማጣበቂያ ብቻ ለሚያዝ መስኮት ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ለፕላስቲክ መስኮት የተሠራ እንደ ሲካፍሌክስ 295 ዩቪ ያለ ፖሊዩሬቴን ነው። ከራሱ ማጽጃና ፕራይመር (ቀድሞ ከሚቀባው ማያያዣ) ጋር ነው የሚሠራው፤ ፕራይመሩን ዘልሎ የሠራ ሰው መስኮቱ በእጁ ሲነሣ አይቻለሁ። ሁለተኛው እንደ ዳውሲል 795 ያለ፣ የሕንፃ መስታወት የሚለጠፍበት መዋቅራዊ ሲሊኮን ነው። ብዙዎች ከወፍራም ባለ ሁለት ገጽ ቴፕ ጋር ይጠቀሙበታል፤ ቴፑ ሲሊኮኑ እስኪደርቅ መስኮቱን በቦታው ይይዘዋል። ሲሊኮን ስትገዙ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ተዉት፤ ብረትም ፖሊካርቦኔትም አይወደውም።

የትኛውንም ብትመርጡ ማሸጊያው ወፍራም ሆኖ ይቅር። ስሌቱ ይኸው። አክሪሊክ በአንድ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.07 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት በሌሊቱና በቀትሩ መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው 2.2 ሚሊ ሜትር ያድጋል። በዚያው ርዝመት አሉሚኒየም ከ0.8 አያልፍም፤ መስታወት 0.3 እንኳ አይሞላም። ይህን ልዩነት የሚውጠው ማሸጊያው ነው። አጥብቃችሁ ጨምቃችሁ እንደ ወረቀት ካሳሳችሁት የሚለጠጥበት አካል የለውም፤ ይቀደዳል። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ትንንሽ የጎማ ቁራጮች ከሥሩ አስቀምጡ።

5. ፍሬምና ብሎን

የሚከፈት ፖርትላይት ስትገዙ የፍሬሙ ምርጫ ሰፊ ነው። ፕላስቲክ ይረክሳል፣ አይዝግም፤ ግን ፀሐይ ያደርቀዋልና ማጠፊያው አንድ ቀን ቀጭ ይላል። አሉሚኒየም ቀላልና መካከለኛ ነው። አይዝጌ ብረትና ነሐስ ከእናንተ በላይ ይኖራሉ፤ ኪሳችሁ ከቻለ። ከመግዛታችሁ በፊት የግድግዳውን ውፍረት ለኩ፤ ፍሬሙ ወደ ውስጥ የሚገባበት ርዝመት ከሱ ጋር መግጠም አለበት።

አይዝጌ ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ጨው ውኃ ሲያገኝ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት የሚመስለው ያ ነው። በመካከላቸው ቴፍ ጄል ወይም ላኖሊን ቅባት ቀቡ። ራሱ ሾጣጣ የሆነ ብሎን በፕላስቲክ ላይ አትጠቀሙ፤ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይሰነጥቀዋል። ራሱ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ከሥሩ ሮንዴላ አድርጋችሁ።

6. መቁረጥና መብሳት

አሮጌውን አትጣሉት፤ ሞዴላችሁ እሱ ነው። ግን ፍሬም ውስጥ የሚገባ ከሆነ በሁሉም ጎን ለመለጠጥ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍት መኖሩን አረጋግጡ። ማዕዘኑን ክብ አድርጉ፤ ስንጥቅ ከሹል ማዕዘን ይነሣል። መሸፈኛውን ላስቲክ እስከ መጨረሻው አትላጡ፤ ማሸጊያው የሚያርፍበትን ጠርዝ ብቻ ግለጡ።

የብሎኑ ቀዳዳ ከብሎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይስፋ። ከጠርዙ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ሁለት እጥፍ ራቁ። ከሥሩ ኮምፔንሳቶ አንጥፉ፤ በቀስታ ብሱ፤ ፑንታው ሊወጣ ሲል እጃችሁን አቅልሉ። አክሪሊክ የሚሰነጠቀው መጨረሻዋ ሚሊ ሜትር ላይ ነው።

7. ከመግጠም በፊትና በኋላ

ግድግዳው በሁለት ፋይበርግላስ መካከል ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት ወይም ፎም ያለው ከሆነ፣ በቀዳዳው ዙሪያ የሚታየውን ቆፈር አድርጋችሁ አውጡና በወፈረ ኢፖክሲ ሙሉት። ይህን ዘልሎ ውድ መስኮት የገጠመ ሰው ግድግዳው ውስጥ ውኃ እያጠራቀመ ነው። አሮጌውን ማሸጊያ እስከ ጠብታው ፍቁ። ፕላስቲኩን በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ፣ ወይም ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ማጽጃ ብቻ አጽዱ።

ከገጠማችሁ በኋላ አንድ ሳምንት አትንኩት። አብዛኞቹ እነዚህ ማሸጊያዎች የሚደርቁት ከአየር በሚያገኙት እርጥበት ነው፤ ከላይ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ መሆኑ የተለመደ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ባትሪና ሶፍት ይዞ ካቢን ውስጥ ይግባ። እናንተ የውኃ ጎማ ይዛችሁ ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ጀምሩ፤ አሥር ደቂቃ እዚያው ቆዩ። ከዚያ ወደ ጎኖቹ፣ በመጨረሻ ወደ ላይኛው ጠርዝ። ከላይ ከጀመራችሁ ውኃው ወደ ታች እየወረደ የት እንደገባ ያሳስታችኋል። ውስጥ ያለው ሰው ሶፍቱን በዙሪያው እየነካካ ይሂድ፤ ከረጠበበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግ።